አፍ ያልፈታ ሕፃን ሕመሙን በምን ይናገራል? በሕፃናት አንጎል ውስጥ ስለሚበቅለው ዕጢ

ትልቅ ሰው በታመመ ጊዜ የሕመሙን ስፍራ በጣቱ ያመለክታል፤ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን ሲያደርግ እንደሚብስበት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ለሐኪሙ በቃሉ ያስረዳል። አፍ ያልፈታ ሕፃን ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ራሱን ቢያመው «ራሴን» አይልም፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታየው ይህ ያልተለመደ ነገር መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ የሕፃን ሕመም የሚታወቀው ዘወትር በሚያቅፉትና በሚመግቡት፣ በሚያጥቡትና በሚያስተኙት ሰዎች ዓይን ነው። እናት ወይም አባት፣ አያት ወይም ሞግዚት «ይህ ልጅ እንደ ወትሮው አይደለም» ብለው ያስተዋሉ እንደ ሆነ፣ ሕክምናው የሚጀመረው ከዚያች ቃል ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው በጨቅላ ሕፃናትና በትንንሽ ልጆች አንጎል ውስጥ ስለሚበቅለው ዕጢ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የበሽተኞች ቁጥር በሚገባ በሚመዘገብበት በአሜሪካ በየዓመቱ ከ100,000 ልጆች መካከል ይህ ሕመም የሚገኝባቸው ከ5 እስከ 6 ያህል ናቸው። እንግዲህ «ነገሩ እንዲህ ጥቂት ከሆነ ስለ ምን አንባቢውን ታስጨንቃላችሁ?» የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ የሕመሙ ጥቂትነት ራሱ ከአደጋዎቹ አንዱ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ነገር አይጠረጥርምና። ምልክቶቹም ከተራ ሕመም ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር ሳይታወቅ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሕመም እጅግ ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአንጎል አሠራርና የፈሳሹ መንገድ

ምልክቶቹን በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያታቸውን ያወቀ ሰው በቶሎ ያስተውላቸዋልና አስቀድመን ስለ አንጎል አሠራር ጥቂት እንናገር።

አንጎል በጠንካራ የራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ሲሆን፣ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ከላይና ከፊት ያለው ትልቁ አንጎል የማሰብ፣ የመናገር፣ የማየትና የመንቀሳቀስ ሥራ የሚሠራበት ነው። ከበስተ ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል የአካልን ሚዛን ይጠብቃል፤ ሕፃን ሳይወድቅ የሚቀመጠው፣ ጉርሻውንም ሳይስት ወደ አፉ የሚያደርሰው በዚህ ረዳትነት ነው። ከሁለቱ በታች ያለው የአንጎል ግንድ ደግሞ መተንፈስን፣ መዋጥንና የዓይንን መዞር ያዛል።

በአንጎል ውስጥ እንደ ጓዳ ያሉ አራት ባዶ ስፍራዎች አሉ። በእነዚህም ጓዳዎች እንደ ጠራ ውሃ ያለ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በትልቅ ሰው ራስ ውስጥ የሚመነጨው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከዞረ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። ነገር ግን የሚያልፍበት መንገድ በትንሹ አንጎልና በአንጎል ግንድ አጠገብ በጣም ጠባብ ነው። በዚያ ስፍራ ዕጢ የበቀለ እንደ ሆነ፣ ቦዩ በድንጋይ እንደ ተዘጋበት የመስኖ ውሃ፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ጓዳዎቹ ይሰፋሉ፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ማስመለሱም፣ የራስ ምታቱም፣ የዓይን መሸውረሩም በብዙው የሚመጣው ከዚህ ግፊት ነው። በመኝታ ጊዜ ግፊቱ ስለሚያይል፣ ልጁ ማለዳ ሲነቃ ያስመልሳል፤ ካስመለሰም በኋላ ቀለል ሊለውና ሊጫወት ይችላል። ይህም «ደኅና ሆነ» እያሰኘ ቤተሰቡን ያዘናጋል።

የጨቅላ ሕፃን ራስ ቅል ደግሞ ገና አልገጠመም። በመሐል አናቱ ላይ ያለችው እርግብግቢት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ክፍት ሆና ትቆያለች። ስለዚህ ግፊት በመጣ ጊዜ የጨቅላው ራስ ይሰፋል፤ እርግብግቢቱም ሕፃኑ ሳያለቅስ እንኳ ተወጥራ ትታያለች። የራሱ መስፋት ለጥቂት ጊዜ ግፊቱን ስለሚያቀልለት፣ ዕጢው ሌላ ምልክት ሳያሳይ እጅግ ሊያድግ ይችላል። የሕፃን የራስ ዙሪያ ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ዓመት ሲሞላው 46 ወይም 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ጥቂት መብለጥ ወይም ማነስ ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ትልቅ ራስ ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስም ነው። የሚያሳስበው የራሱ ዕድገት ከቀድሞው መጠን ድንገት አልፎ መሮጥ የጀመረ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሕፃኑን ለክትባት በሚወስዱበት ቀን «ራሱን ለኩልንና በካርዱ ላይ ጻፉልን» ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ ሜትርና አንድ እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ትልቅ ጥበቃ አደረጉ ማለት ነው።

የማን ጥፋት ነው?

ልጁ በእንዲህ ያለ ሕመም የተያዘበት ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ብናደርግ ነው?» ብሎ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወራት የበላችውንና የሠራችውን ትቆጥራለች፤ አባት ልጁ ከአልጋ የወደቀበትን ቀን ያስባል፤ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የወላጆች ኃጢአት ነው ይላል። ይህ አነጋገር በኀዘን ላይ ኀዘን ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አቅርበው እንደ ነበረ፣ ጌታችንም ነገሩ በእርሱ ወይም በወላጆቹ ኃጢአት የመጣ እንዳልሆነ እንደ ነገራቸው፣ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፎ እናገኘዋለን።

የሕክምና ሊቃውንት የደረሱበት እንዲህ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለና ከተወለደም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንጎሉ ሕዋሳት እጅግ በፍጥነት ይባዛሉ። አንዱ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ያለው የዘር ጽሕፈት ሁሉ ይገለበጣል። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ወይም መሥመር እንደሚዘል፣ በዚህም ግልባጭ ስሕተት ይገባል። ብዙው ስሕተት ይታረማል ወይም ጉዳት የለውም። አልፎ አልፎ ግን ስሕተቱ «በቃ፤ አትባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ሕዋሱ ያለ ልክ ይባዛና ዕጢ ይሆናል። እናት ከዚህ የምትከለክለው ነገር አልነበረም፤ አባትም እንደዚሁ።

የዚህን ነገር ማስረጃ ከሰጡት ግኝቶች አንዱ በ1998 ተገለጠ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ራብዶይድ የተባለውን ክፉ ዕጢ የሚያመጣው በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ዘረ መል መጥፋቱ መሆኑን አሳወቁ። በዚህ ዕጢ ከሚያዙት ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ስሕተቱ በሰውነታቸው ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ሳለ የተወለዱ ናቸው፤ የቀሩት ግን ስሕተቱ በዕጢው ውስጥ ብቻ የተፈጠረባቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ዕጢ ያገኘ ሐኪም ቤተሰቡንም እንዲመረመር ቢመክር፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች ለመጠንቀቅ ነውና እንደ ነቀፋ ሊቈጠር አይገባም።

የዕጢው ዓይነት ብዙ ነው

«የአንጎል ዕጢ» ሲባል አንድ በሽታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ዓይነቱ ብዙ፣ ፍጻሜውም የተለያየ ነው።

በትንሹ አንጎል ውስጥ ከሚበቅሉት ክፉ ዕጢዎች ዋነኛው ሜዱሎብላስቶማ ይባላል። ስሙን በ1925 ያወጡለት አሜሪካዊያኑ ሐኪሞች ፐርሲቫል ቤይሊና ሐርቪ ኩሺንግ ናቸው። ዛሬ ግን ይህ ዕጢ ራሱ አንድ ሳይሆን በዘረ መሉ ጠባይ አራት ዋና ዋና ወገኖች እንዳሉት ታውቋል፤ ወገኑም የሕክምናውን ጽናትና የመዳኑን ተስፋ ይለያል።

ከላይ የጠቀስነው ራብዶይድ በአንጎል ውስጥ ሲበቅል አቲፒካል ቴራቶይድ ራብዶይድ ዕጢ ይባላል። ከልጆች የአንጎል ዕጢዎች ሁሉ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ያህል ቢሆንም፣ የሚይዘው በብዙው ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ አስተዳደጉም ፈጣን ነው። የአንጎሉን ፈሳሽ በሚያመነጨው አካል ላይ የሚወጣው የኮሮይድ ፕሌክሰስ ካንሰርም እንደዚሁ ብርቅና ክፉ ነው።

ከእነዚህ በተቃራኒ ደግሞ ዝግ ብለው የሚያድጉ አሉ። ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ የተባለው ዕጢ በቀዶ ጥገና ፈጽሞ የወጣለት ልጅ ከ100 ከ90 በላይ በሆነው ዕድል ለብዙ ዘመን ይኖራል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ዴስሞፕላስቲክ የሚባለው የጨቅሎች ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ይወጣል፤ የአንጎሉን ግማሽ ጎን እስኪሞላ ድረስ ሊያድግም ይችላል። በሥዕሉ ላይ ያየው ሰው ተስፋ ይቈርጣል፤ ነገር ግን በሚገባ ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ ሕፃናት ይድናሉ። ስለዚህ «ዕጢው ትልቅ ነው ብለውናል፤ እንግዲህ ምን ቀረን?» ብሎ ልጁን ይዞ ወደ ቤት መመለስ አይገባም። የዕጢውን ጠባይ የሚያሳውቀው ናሙናው ተወስዶ ሲመረመር ነው እንጂ የመጠኑ ትልቅነት ብቻ አይደለም።

ልናስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች

በእንግሊዝ አገር ሐኪሞችና ወላጆች ተባብረው በ2011 ሄድስማርት የተባለ የማስተማር ዘመቻ ጀመሩ። ዘመቻው አዲስ መድኃኒት አላመጣም፤ ምልክቶቹን በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ አሳትሞ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሐኪሞች ማደል ነበር ሥራው። ከዚህ በፊት ሕመሙ ከጀመረበት ቀን እስከ ታወቀበት ቀን ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ ከ14 ሳምንት በላይ ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ ወደ 6.7 ሳምንት ዝቅ አለ። እነዚህን ምልክቶች አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች እንደሚስማማ አድርገን እንዘርዝራቸው።

አንደኛ፣ የማያቋርጥ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ማስመለስ ነው፤ ይልቁንም ተቅማጥና ትኩሳት ሳይኖር፣ ማለዳ ማለዳ እየመጣ ሁለት ሳምንት ያለፈው እንደ ሆነ።

ሁለተኛ፣ የሚዛንና የአረማመድ መበላሸት ነው። ቆሞ ይሄድ የነበረው ልጅ ይንገዳገዳል፤ ይድኽ የነበረው መዳኽ ይተዋል፤ ዕቃ ለመያዝ ሲዘረጋ እጁ ይስታል።

ሦስተኛ፣ የዓይን ነገር ነው። ቀድሞ ያልነበረ መሸውረር፣ የዓይን መርገብገብ፣ ወይም ልጁ የሚያሳዩትን አለማየት። በጨቅላ ሕፃን ደግሞ ዓይኑ ወደ ታች ተደፍቶ ከብሌኑ በላይ ነጩ ክፍል ሲታይ።

አራተኛ፣ የጠባይ መለወጥ ነው፤ ይኸውም ተጫዋች የነበረው ሕፃን ሲፈዝ፣ እንቅልፍ ሲያበዛ፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ።

አምስተኛ፣ ያለ ትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ወይም መጣል ነው።

ስድስተኛ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መያዝ ወይም የአንገት መገተር ነው።

በእነዚህ ላይ የጨቅላውን ራስ ከልክ በላይ መስፋትና የእርግብግቢትን መወጠር እንጨምራለን።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱን ያየህ እንደ ሆነ አትደንግጥ። ከሚያስመልሱት ልጆች አብዛኞቹ የአንጎል ዕጢ የላቸውም። ነገር ግን ምልክቱ አልተው ያለ እንደ ሆነ ለሐኪም አሳየው፤ ሁለቱ አብረው የታዩ እንደ ሆነ ቀጠሮ አታርዝም። ልጁ ለመንቃት ያስቸገረ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ወይም እያስመለሰ እርግብግቢቱ የተወጠረ እንደ ሆነ ግን ያንኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

በየመንደራችን ለእነዚህ ምልክቶች የሚሰጣቸው ስም ብዙ ነው። ያስመለሰው ሕፃን «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይባላል፤ ወይም «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቈረጣል፤ ድዱም ተፈልፍሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ይነቀላል። ራሱን ያመመው «ምች መትቶታል»፣ የተንቀጠቀጠው «ለክፎታል» ይባላል። እንጥል መቊረጥና ድድ መፈልፈል ደም ማፍሰስና መመርቀዝ ያመጣል፤ ዕጢውን ግን አይነካውም። ከሁሉም የሚከፋው ጉዳት እያንዳንዱ ስም አንድ አንድ ሳምንት መውሰዱ ነው።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ወላጅ ነገሩን አዘጋጅቶ ቢሄድ መልካም ነው። ማስመለሱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ባለው ስልክ የልጁን አረማመድ ወይም መንቀጥቀጥ ቀርጾ ቢያሳይ፣ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ «የሆድ ነገር ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ልጁ ያልተሻለው እንደ ሆነ፣ ተመልሶ «አልተሻለውም፤ ራሱንና ዓይኑን ይመርምሩልን» ማለት ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ ግዴታ ነው።

ሕክምናው ከየት ወደ የት ደረሰ?

ዕጢ የተጠረጠረበት ልጅ በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ መሣሪያ ይመረመራል። ፈሳሹ የተጠራቀመ እንደ ሆነ አስቀድሞ ግፊቱን ማቃለል ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከቆዳ በታች አልፎ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ከዚህ በኋላ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ጤናማውን አንጎል ሳይጎዳ የሚቻለውን ያህል ዕጢውን ያወጣል።

በኩሺንግ ዘመን ሜዱሎብላስቶማ ከያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ ዕጢው ተመልሶባቸው ሞቱ። በ1953 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ፓተርሰንና ፋር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንጎሉንና ኅብለ ሰረሰሩን በሙሉ በጨረር ማከም የብዙ ልጆችን ዕድሜ እንደሚያስረዝም አስታወቁ። ይህ ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ኀዘን ታየ። በሕፃንነታቸው ጨረሩን የተቀበሉት ልጆች ሲያድጉ ትምህርት አልገባቸው አለ፤ ቁመታቸውም አጠረ። በማደግ ላይ ያለው አንጎል ጨረርን አይችልምና፣ ይልቁንም ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሕይወቱ ቢተርፍም አእምሮው ይጎዳ ነበር።

ስለዚህ ሐኪሞቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1993 አሜሪካዊያን ሐኪሞች ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ኬሞቴራፒ የተባለውን ጽኑ መድኃኒት አስቀድሞ በመስጠት ጨረሩን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ማዘግየት እንደሚቻል አሳወቁ። በ2005 ደግሞ የጀርመን ሐኪሞች ሜዱሎብላስቶማ ስለ ያዛቸው ሦስት ዓመት ያልሞላቸው 43 ሕፃናት የሠሩትን አሳተሙ። እነዚህን ሕፃናት ከቀዶ ጥገና በኋላ ያከሟቸው ያለ ጨረር በመድኃኒት ብቻ ነው። ዕጢው ሳይሠራጭ ተገኝቶ ፈጽሞ ከወጣላቸው መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ100 93 ያህል ሆኑ። ዕጢው በግልጥ ተሠራጭቶ የተገኘባቸው ግን ከ100 38 ብቻ ነበሩ። የዕጢው ጠባይ ራሱ የራሱ ድርሻ አለው፤ በቶሎ የመጣ ሁሉ ይድናል፣ የዘገየ ሁሉ ይሞታል አንልም። ነገር ግን ሐኪሙ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ ልጁን ማድረስ በወላጅ እጅ ያለ ነገር ነው።

በአገራችንስ?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 የሕፃናትን ካንሰር የሚመለከት ዓለም አቀፍ እቅድ አውጥቶ፣ በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ ከ100 60ዎቹ እንዲድኑ ግብ አደረገ። ዝግ ብሎ የሚያድገው የአንጎል ዕጢም ለዚህ እቅድ ከተመረጡት 6 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው በሀብታሞች አገሮች ከ100 ልጆች ከ80 በላይ ሲድኑ፣ በድሆች አገሮች የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። ለዚህ ከሚሰጣቸው ምክንያቶች መካከል የሕመሙ ዘግይቶ መታወቅና የተጀመረውን ሕክምና አቋርጦ መሄድ ይገኙበታል።

በኢትዮጵያ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሞች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ፣ በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ አገር ከበርገን ጋር ተባብሮ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሠልጥነው ወጥተዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ካንሰር የያዛቸው ልጆች የሚታከሙበት ክፍል አለ። ከክፍለ ሀገር ልጁን አዝሎ ለሚመጣ ወላጅ ግን ከሕክምናው ይልቅ ማደሪያውና ምግቡ፣ የመመላለሻውም ገንዘብ ይከብደዋል። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር ለእንደነዚህ ያሉት ማረፊያ ይሰጣል። ዕድራችን፣ ሰንበቴያችንና ማኅበራችን ለቀብር እንደሚተባበሩ ሁሉ፣ ልጁ በሕይወት ሳለ ለሕክምናው መንገድ ቢተባበሩ ምንኛ መልካም ነበር።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ምክንያቱም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ ሲታመም የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጠበል ነው። ይህ የእምነት ሥራ ነውና አንነቅፈውም። የምናዝነው «ወይ ጠበል፣ ወይ ሐኪም» ተብሎ የተጀመረው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ምርጫ አላዘዘችም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪም ክብር ይናገራል። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ ለነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን፣ ጠበሉንና የሐኪሙን መድኃኒት አብረው እንዲወስዱ በግልጥ አሳስበዋል። ለትልቁ ሰው የተሰጠው ይህ ምክር፣ ለራሱ መምረጥ ለማይችለው ሕፃን ይልቁን የሚገባ ነው። አዲስ የቀዶ ጥገና ቁስል ወይም ቱቦ ያለበት፣ ኬሞቴራፒም በመውሰድ ላይ ያለ ሕፃን ግን በሽታ የመከላከል ኃይሉ ስለሚደክም፣ ወደ ብዙ ሕዝብ መካከል ከመውሰድና ከማጥመቅ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ፣ ለአጥማቂው ካህንም ሁኔታውን መንገር ያስፈልጋል።

ያልዳኑትና የዳኑት

ሁሉ ነገር ተደርጎ እንኳ የማይድኑ አሉ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ተሠራጭቶ የሚበቅለውን ክፉ ዕጢ በቀዶ ጥገና ማውጣት ዛሬም አልተቻለም። በ1969 ከሰው ሁሉ አስቀድሞ በጨረቃ ላይ የቆመው ኒል አርምስትሮንግ፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር 1962፣ ሦስት ዓመት ያልሞላትን ሴት ልጁን በአንጎል ግንድ ዕጢ ምክንያት ቀብሯል። በአገሩ ያለው ሕክምና ሁሉ፣ ጨረሩም ሳይቀር፣ ተደርጎላት ነበር። እንግዲህ ልጁን በዚህ ሕመም ያጣ ወላጅ «ድሀ ባልሆን፣ ባላጠፋ ኖሮ» እያለ ራሱን አይቅጣ።

መዳን በማይቻልበት ጊዜም የሚደረግ ነገር አለ። ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል፤ ልጁም በሚያውቃቸው እጆች መካከል ይሁን። ታላላቅ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከነገሩ ተደብቀው እንዳይቀሩ፣ በዕድሜያቸው ልክ እውነቱ ይነገራቸው። የማይነገረው ልጅ ሕመሙ በእርሱ ጥፋት የመጣ ይመስለዋል።

የዳኑትም ልጆች ገና የእኛ አደራ ናቸው። እኛ መምህራን በክፍላችን ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጽፍ፣ ቶሎ የሚደክመው፣ የተነገረውን ደግሞ የሚጠይቅ ልጅ ስናይ «ሰነፍ» ለማለት እንፈጥናለን። ከአንጎል ዕጢ የዳነ ልጅ ግን ማሰቡ ሊዘገይ፣ ከመድኃኒቶቹም የተነሣ ጆሮው ሊደክም ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ፊት ወንበር አምጥቶ፣ ለመልሱ ጊዜ ሰጥቶ ማስተማር ይገባል። ወላጆችም የልጁን ታሪክ ለመምህሩ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ይታወቃልና።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን ስድስት ምልክቶች ማንበብ ለማይችሉ አያቶችና ልጅ ለሚይዙላችሁ ሠራተኞች አንብቡላቸው፤ በቤታችሁ ጨቅላ ካለም በሚቀጥለው የክትባት ቀን የራሱን ልክ በካርዱ ላይ አጽፉ። ሕፃናቱን ሁሉ እግዚአብሔር በጤና ያሳድግልን።